ባሕር በእትዬ መኪና

የኔ ቆንጆ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? አውቃለሁ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ተነስቼ «እንዴት ነሽ» ማለቴ ራሱ ያናድዳል። ተናደጂብኝ። ብቻ ሳትጨርሺው አትዝጊው።

ወንድሜ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ትንሽ ቤት ሠርቷል። አንድ ክፍልና በረንዳ ናት፣ ሌላ ነገር የላትም። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ሰብስበን ልንከርምባት ነው። ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ባዶ። «አንቺ እጅሽ ያውቅበታል፣ ባሕር ዳር አስመስይልኝ» አለኝ። እኔ ሞኟ ከተማዋን መስሎኝ ታንኳና ፔሊካን ስስል አመሸሁ። ለካ ስልኩ ላይ ያየውን የፈረንጅ ቤት ነው የሚለኝ፤ ነጭና ሰማያዊ መስመር ያለው መጋረጃ፣ የጨርቅ ዓሣ፣ መልህቅ፣ በገመድ የተንጠለጠሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ባንዲራዎች።

እሺ አልኩ። መርካቶ ሄጄ 10 ሜትር አቡጀዲ ገዛሁ፣ የባሌን አሮጌ ጂንሶች ሰበሰብኩ፣ መልህቁን ጀመርኩ። ጂንስ ድርብ ሲሆን ቀጭን መርፌ ይሰብራል፣ 16 ቁጥር አስገብቼ ነው የጨረስኩት። ደስ ብሎኝ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ልጄ ቆማ አየችውና «እማዬ፣ መስቀሉ እግሩ ለምን ተጣመመ?» አለችኝ። ጎረቤቴም ቡና ልትጠጣ ገብታ ልትሳለመው ምንም አልቀራት።

ያኔ ትዝ አልሽኝ። ባሕር አይቼ አላውቅማ! እኔ የማውቀው ባሕር አንቺ ዶሮ ማነቂያ ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ የሳልሽልን ነው። በ1983 ከአሰብ የመጣችሁ ሰሞን «ባሕር ሰማያዊ አይደለም፣ ጠዋት ጠዋት ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ነው የሚመስለው» ብለሽ ድርቅ ስትዪ፣ እኛ ደግሞ ሐይቅ እንኳ ያላየን ልጆች ውሸታም ብለን ስንስቅብሽ። የአባትሽ ሸሚዝ ከወደብ ሲመለሱ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይሠራ ነበር ያልሽውንም አላመንንሽም ነበር።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። የስፌት መኪናዋ።

እናትሽ እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአሰብ ሲወጡ ከቤት ዕቃው ሁሉ እሷን ሲንጀር ብቻ ይዘው መጡ። አንቺ ድሬ ስትሄጂ «አደራ፣ ቤት ሳሰፋ ትልኪልኛለሽ» ብለሽ ሰጠሽኝ። በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች ከጭነት መኪና ላይ ለቀቋት። የብረት እግሯ ከፔዳሉ አጠገብ ለሁለት ተሰነጠቀ። በዚያው ሳምንት ደወልሽ። አላነሳሁም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፣ ነገ ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ ብቻ ሳይሆን ስላላነሳሁትም ስልክ ማፈር ጀመርኩ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ሰው አላጣላንም፣ አልተቀየምኩሽም።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ፣ በረንዳዬ ላይ ላስቲክ ለብሳ ቆየች። ዘንድሮ ነው ጥርሴን ነክሼ መርካቶ አንድ ሽማግሌ ጋ የወሰድኳት። በይዱልኝ ስላቸው «ይሄ ብረት ብየዳ አይወድም፣ ጎኑን ይሰነጥቀዋል» አሉኝና ከውስጥ ሳንቃ ብረት ደግፈው በብሎን አሰሩት። ቀበቶዋንም ቀየሩ። ጠባሳው ይታያል፣ አልዋሽሽም። ከሥሯ ያለውን ዝገት ሊፋቁት ሲሉ ግን «እሱን ተዉት» አልኳቸው። የአሰብ ጨው ያመጣው ነው ትዪን ነበርና። ከቤታችን ባሕር ያየች እሷ ብቻ ናት።

እና እየሰፋሁባት ነው። ታች ያሉት ሰዎች በማታ ፔዳል እንዳልረግጥ ስለለመኑኝ ቀን ቀን ብቻ። ጥፋቴ ብዙ ነው። አቡጀዲውን ሳላጥብ ቆረጥኩት፣ በኋላ ሲታጠብ ተሰበሰበና ባንዲራዎቹ ተጨማደዱ፤ ሦስት ሜትር ጨርቅ ገደል ገባ። የተረፈውን ሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ ነው መቀስ ያስነካሁት። የባሕር ኮከብ የሚሉት ባለ አምስት ክንድ ፍጥረት ደግሞ አቃጠለኝ። በሳሙና ስባሪ ትስይዋለሽ፣ ሁለቱን ጨርቅ ፊት ለፊት አድርገሽ ዙሪያውን ትሰፊያለሽ፣ መገልበጫ ትተዪለታለሽ፣ ሲገለበጥ ግን ክንዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ይኮማተራል። እትዬ የአንገት ጥግ ሲሰፉ ምን ያደርጉ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ጥጉን እስከ ስፌቱ ጫፍ፣ ክሩን ሳይነኩ፣ በመቀስ ቆረጥ ማድረግ። ሠራ! ሹሉን ክንድ በማማሰያ እጀታ ገፍቼ አወጣሁት። ጥጥ አልሞላሁትም፣ የሐይቅ ዳር እርጥበት ያሻግተዋል፤ የትራስ ፋይበር ነው ያደረግኩበት።

መልህቁን ጣልኩት። በምትኩ የአማቴን አሮጌ አንቀልባ ለምኜ ዛጎሎቹን ፈታሁ። ጀርባቸው የተፋቀ ስለሆነ መርፌ ያሳልፋሉ። ዓሣዎቹ ላይ እንደ ቅርፊት ደረደርኳቸው። ዛጎል ከባሕር እንደሚመጣ እኮ አስቤው አላውቅም፤ ይሄ ደገኛ ሁሉ በልጅ ማዘያው ባሕር ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል።

አሁን የቀረኝ የመስኮቱ መጋረጃ ነው። ወንድሜ ውሃ ሰማያዊ ቀለም አምጥቶልኛል፣ እኔ ግን አልነከርኩትም። አራት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ መኪናዋ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጠዋት ላይ ባሕሩ ምን ዓይነት እንደነበር አንቺ ንገሪኝ። ወተቱ ስንት ነው፣ ውሃው ስንት ነው? ደግሞ ከቻልሽ ራስሽ ነይ። በባቡሩ አዳማ ድረስ ከመጣሽ እኔ እዚያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ፣ ከዚያ ባቦጋያ ቅርብ ነው። መኪናዋንም ጠባሳዋን አይተሽ ውሰጃት ወይ ስደቢኝና ተያት።

ስትደውዪ አነሳለሁ። ቀን ላይ ግን ፔዳሉ ድምፁን ስለሚውጠው ሁለቴ ደውዪ።

የአንቺው