ሥራችሁን በፊታችን ለዘረጋችሁ ሁሉ

ለሶፍትዌር አልሚዎች ስብስባችን አባላትና በቅዳሜው ግምገማ ከጎናችን ለቆማችሁ በሙሉ፦

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቀብድ የከፈልንበት አዳራሽ ለሌላ ሰው መሰጠቱን በስልክ ስንሰማ፣ የቀረን አንድ ቀን ተኩል ነበር። ኮዳቸውን፣ ማለትም ለኮምፒውተር የጻፉትን የፕሮግራም ትእዛዝ፣ ለማቅረብ የተዘጋጁ ሰባት አባላት፣ ያንን ኮድ ሳምንቱን ሙሉ ሲያነቡ የከረሙ አሥራ አራት ገምጋሚዎች ነበሩን። የምንቀመጥበት ግን አልነበረንም።

አርብ ጠዋት ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የሚያስተምሩ አንድ አባት በራቸውን ከፈቱልን። ጋሼ፣ ስሜ እንዳይጠራ ስላሉን አንጠራዎትም። «ወንበሩ ቅዳሜ ባዶውን ነው የሚውለው» ብለው ቁልፉን ሲሰጡኝ የኪራይ ነገር አላነሱም። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ለገሃር አካባቢ ላለው የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛም ምስጋናችን ይድረሰው። ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደርሰንበት፣ የሰባቱንም አቅራቢዎች ኮድ አምሽቶ አተመልን። ወረቀቱን የፈለግነው በህዳጉ ላይ አስተያየት ለመጻፍ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው አቅራቢ ገና አፉን ሲከፍት፣ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፤ እስከ ሰባት ሰዓትም አልተመለሰም። ቀኑን ያተረፈልን ያ ወረቀት ነው። ወንበሮቻችንን ወደ መስኮቱ አስጠግተን፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው በጣቱ እየተከተለ፣ መስመር በመስመር ሄድንበት።

በዚያ መስኮት ሥር የሆነውን መንገር እፈልጋለሁ። አንዲት እኅታችን ለእናቷ እድር የወርሃዊ መዋጮ መመዝገቢያ ሠርታ መጥታለች። ረቡዕ ማታ «ሥራዬ ለሰው ፊት አይበቃም፤ ስሜን አውጡልኝ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። መጣች፤ አቀረበችም። ኮዷ ንጹሕ ስለነበር ብዙዎቻችን አንገታችንን ነቀነቅን። ከኋላ የተቀመጠ፣ ድቁና ያለው ዝምተኛ ወጣት ግን እጁን አነሣና «ይህ መስመር ዘመነ ሉቃስን ያውቃል?» ሲል ጠየቀ።

ቤቱ ጸጥ አለ። መስመሩ ጳጉሜንን ምንጊዜም አምስት ቀን አድርጎ ይቆጥራል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ በ2015 ሆናለች፣ በ2019ም ትሆናለች። ፕሮግራሙ ያችን ስድስተኛ ቀን መስከረም 1 ብሎ ይወስዳትና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ያስቀድማል። በመጨረሻው ቀን መዋጮውን የከፈለ አባል አሳልፈሃል ተብሎ ይቀጣል። ለአንድ እድርተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሐቅ ከፍሎ በአደባባይ መቀጣት ነው።

የጠየቀበትን መንገድ ልብ በሉልኝ። ከመጀመሪያው የተስማማነው «አንተ» ወይም «አንቺ» እንዳንል፣ «ይህ መስመር» እንድንል ነበር። ይሉኝታ የሚበዛብን ሰዎች ነን፤ ፊት ለፊት አሞግሰን ስንለያይ ደረጃ ላይ ማማት ይቀለናል። ደንቡን ያወጣንበት ምክንያት ይኸው ነው። የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ የአይቢኤም ባልደረባ ማይክል ፋገን እ.ኤ.አ. በ1976 የኮድ ፍተሻን ሥርዓት ሲያሳትም፣ ውጤቱ ሠራተኛውን ለመመዘን እንዳይውል አስጠንቅቆ ነበር። እኔ ይህን አንብቤዋለሁ፤ ያ ዲያቆን ግን በአንዲት ጥያቄ አሳየኝ። እኅታችን ብዕሯን አውጥታ «አያውቅም፤ እናስተምረዋለን» ስትል ያጨበጨበው ቤት ምስክሬ ነው።

መብራት የጠፋበት ወንድማችንም እንዲሁ ምስጋና ይገባዋል። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይወስዳል፤ እርሱ ለስም የመደበው ቦታ ደግሞ 20 ባይት ነበር። «ወልደገብርኤል» የሚባል ደንበኛ «ወልደገብር» ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ሲነገረው ቅር ሳይለው በየመድኃኒት ቤቱ ያስገባውን ፕሮግራም ሁሉ እየዞረ ሊያርም ቃል ገብቷል፤ ሰኞ ዕለትም ጀምሯል።

የቀሩትን በአጭሩ ላመስግን። አወያያችን መምህርት፣ ንግግር ሲረዝም ሰው ሳያስቀይሙ መቁረጥ ያውቁበታል። ከደረጃው ሥር ቡና የሚያፈሉት እትዬ፣ መብራት መጥፋቱን ሰምተው ጀበናቸውን ይዘው ወደ እኛ ወጡ፤ ለሦስተኛው ዙር አላስከፈሉንም። የሕንፃው ዘበኛ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጠበቁን። ሥራ ውለው ሌሊቱን ኮድ ያነበባችሁ ገምጋሚዎች፣ በህዳጉ ላይ የጻፋችሁትን ሁሉ ለአቅራቢዎቹ አድርሻለሁ፤ አንዱም ወረቀት አልተጣለም።

ከሁሉ በላይ ግን ሰባታችሁን። ያላለቀ ሥራን በሙያ ጓደኞች ፊት መዘርጋት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። እናንተ ባትደፍሩ ጋሼም አዳራሻቸውን፣ እኛም ቅዳሜያችንን በከንቱ በሰጠን ነበር።

ማክሰኞ ማታ እኅታችን የታረመውን ኮድ ላከችልኝ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የሚለውን ቀን አስገብታ ሞክራው በትክክል ቆጥሯል። እናቷ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መዝገቡን በእርሱ ሊይዙ ነው።

የግምገማው አስተባባሪ
አዲስ አበባ