ሰይፉ አልቋል፤ ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ለቤተሰቤ፣ ኦስሎ ላላችሁ ወዳጆቼ፣ ለእቁብ ጓደኞቼ፣ ከአገር ቤትም በስልክ "በርታ" ስትሉኝ ለነበራችሁ ሁሉ፤

እዚህ ኖርዌይ ከመምህሬ ጋር በጥንቱ ዘዴ ስቀጠቅጠው የከረምኩት ሰይፍ አልቋል። እጀታው ላይ ቆዳው ተጠቅልሎ ባለፈው ሳምንት ከመምህሬ እጅ ተቀበልኩት። ከራሱ እስከ ጫፉ ከ90 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ፎቶውን ያያችሁ ብዙዎቻችሁ "መሃሉ ላይ ያለው ጥለት ተቀርጾ ነው ወይስ ተስሎ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ተቀርጾም ተስሎም አይደለም። ብረቱ ውስጥ ያለ ነው። ላያችሁት ሁሉ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ማንን ለምን እንደማመሰግን የሚታወቀው ሥራው ሲታወቅ ነው።

የቫይኪንግ ዘመን ሰዎች፣ ማለትም የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ እዚህ ሰሜን አውሮፓ የነበሩት፣ ከእነሱም በፊት የነበሩት፣ ጥሩ ብረት እንደ ልብ አያገኙም ነበር። ስለዚህ ለስላሳውንና ጠንካራውን ደራርበው በእሳት ያጣብቁት ነበር። እኛ የተጠቀምነው የዘመኑን አረብ ብረት ነው፤ ሁለት ዓይነት፣ አንዱ ኒኬል ያለበት። ተለዋውጦ ይደረደርና ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ቀልጦ ብረቱን ከአየር ይከልለዋል። ከዚያ መስፍ (የብረት መቀጥቀጫ) ላይ ወጥቶ ይመታል፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ የቀለጠው ቦራክስ በጎን እንዲወጣ። የተጣበቀው ተስቦ ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ እንደገና ግሎ ይጠመዘዛል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። ጎን ለጎን ሲጣበቁ የዓሣ አጥንት የመሰለ ጥለት ይወጣል። ለስለቱ ደግሞ ዙሪያውን ሌላ አረብ ብረት ይያዝለታል። መጨረሻ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ በሚባል ብረት የሚበላ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ኒኬል ያለበት ብረት እንዳበራ ይቀራል፣ ሌላው ይጠቁራል። ያኔ ነው ጥለቱ ብቅ የሚለው። በ6ኛው መቶ ዘመን ጣሊያንን ይገዛ የነበረው የኦስትሮጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ እንዲህ ያሉ ሰይፎች በስጦታ ተልከውለት የምስጋና ደብዳቤ አስጽፏል፤ መሃላቸው ላይ ትናንሽ እባቦች የሚርመሰመሱ ይመስላል ይላል። የእኔን ሰይፍ ወደ መስኮቱ አዞር አድርጌ ሳየው ንጉሡ አላጋነነም አልኩ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። አንዱ ጉጠት ይይዛል፣ ሌላው ከባዱን መዶሻ ያነሳል። አብራችሁኝ የተማራችሁ ልጆች፣ የራሳችሁን ሥራ ትታችሁ ለእኔ ስትመቱ ውላችኋል። ትከሻችሁ አይዛል!

መምህሬን በኖርዌጂኛ አመስግኛቸዋለሁ፤ ግን በአማርኛም ይጻፍልኝ። ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ዘንጉ ከእሳት ወጥቶ እየቀዘቀዘ ሳለ ጣታቸውን ሰደድ አድርገው "እዚህ ጋ" አሉኝ። ከጥፍር የማትበልጥ ጠቆር ያለች ቦታ ነበረች። ያልተጣበቀ ቦታ ከሥሩ ሙቀት ስለማያገኝ ከሌላው ቀድሞ ይጠቁራል። ያቺ ጥላ ያኔ ባትታይ ኖሮ ሰይፉ ስለት ወጥቶለት ሊያልቅ ሲል ነበር የሚከፈተው። እንደዚህ ዓይነት ዓይን በመጽሐፍ አይገኝም።

የመጀመሪያው ሰይፍ ግን አልተረፈም። እንዲጠነክር ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ቀጭን ድምፅ ሰማን። ሁላችንም ዝም አልን። ስለቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች፤ እንዲያ የሆነ ሰይፍ ደግሞ አይጠገንም። ያን ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ሽሮውን አቀረበች። ጠዋት ላይ "መቼ ነው እንደገና የምትጀምረው?" አለችኝ። የኔ እመቤት፣ ከማታ ሥራ ተመልሰሽ ከሰል የጠጣ ልብሴን ስታጥቢ፣ ምሳዬን ስትቋጥሪ፣ ልጆቹን ብቻሽን ስታስተኚ ከርመሻል። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

የእቁብ ጓደኞቼ ደግሞ ጉዳዩን ስትሰሙ ዕጣው የእኔ ሳይሆን ቅደም አላችሁኝ። ተራዋን የለቀቀችልኝ እህታችን ራሷን ታውቃለች። የሁለተኛው ሰይፍ ብረት የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባባ የገጠር ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ሲሠሩ አጠገባቸው ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት። ቀን ማረሻቸውን ያሠሩ የነበሩ ሰዎች ማታ "ቡዳ" ይሉን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን እኔ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ጠብቆኛል። እዚህ ኖርዌይ፣ ቴሌማርክ በሚባል አውራጃ፣ ቢግላንድ በሚባል ቦታ የ10ኛው መቶ ዘመን ቀጥቃጭ መቃብር ተገኝቷል። መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ መስፉ፣ አራት ሰይፍም ጭምር አብሮት ተቀብሯል። ይህን ሳነብ ከአባባ በቀር ያሰብኩት ሰው የለም። ዘመዶቹ የሚኮሩበትን ነው አብረው የቀበሩለት።

አባባ፣ በስልክ ሲያወሩኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሰይፉ አልነበረም። "ወናፉን ማን ይነፋልሃል?" ነው ያሉት። በኤሌክትሪክ ነው ስልዎት ትንሽ ዝም አሉና "እሳቱን ግን በዓይንህ እየው፣ ማሽኑን አትመን" አሉኝ። መምህሬም ያሉት ይህንኑ ነበር። ጉልበትዎን ስሜ አመሰግናለሁ። ሙያዎ ነው እዚህ ያደረሰኝ። ከሰይፉ ጥለት የተረፈው ቁራጭ ብረት አለ፤ ቢላ አድርጌ ለእርስዎ በሰው እልካለሁ፤ እጀታውን እዚያው በወይራ ያድርጉለት።

ሰይፉን ማየት የምትፈልጉ፣ ይህን ይዞ ከተማ ውስጥ መዞር ስለማይቻል፣ ለጊዜው መምህሬ የሚሠሩበት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሚመቻችሁን ቅዳሜ ንገሩኝና አብረን እንሂድ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መዶሻ ያነሳሉ፣ ጀበናውን እኛ እናመጣለን።