ስለ ክረምቱ ጥገና መቆምና ስለ «አሮጌው አስፋልት» ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

መስከረም 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ባለፈው ሐምሌና ነሐሴ የአውሮፕላን ሜዳችሁን አስፋልት እንድንጠግን ደውላችሁ «በዝናብ ጥገና አንሠራም» የሚል መልስ ያገኛችሁ ብዙዎች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከሜዳችሁ የተነሣውን አስፋልት መልሰን እንደምንጠቀምበት የሚገልጸውን ፕሮፎርማ አይታችሁ «አሮጌ አስፋልት በአዲስ ዋጋ ልትሸጡልን ነው ወይ?» ብላችኋል። ሁለቱም ደርሶኛል። ሁለተኛው ቃል ግን፣ አልደብቃችሁም፣ አንጀቴ ውስጥ ገብቷል። ውሳኔያችንን ቀድመን በጽሑፍ ሳናሳውቃችሁ በችግራችሁ ሰዓት ከስልክ ላይ እንድትሰሙት ማድረጋችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን። ውሳኔው ራሱ ግን በቂ ምክንያት አለው፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባቴ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነበር፣ ሬንጅ ረጪ። ማታ ሲገባ እናቴ ጨርቅ ነጭ ጋዝ እያስነካች እጁን ትጠርግለት ነበር፤ ሬንጅ በሳሙና አይለቅማ። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ደጅ ጥገና ስረከብ፣ የአስፋልቱ ንጣፍ ለስልሶ ጠጠሩ በጣት ይለቀም ነበር። ከታች ያለው አፈር ነው ችግሩ ተብሎ ሙሉ በሙሉ እንዲቆፈር ታስቦ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሳሸተው የእናቴ ጨርቅ ትዝ አለኝ። የጄት ነዳጅና ነጭ ጋዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ በየቀኑ የሚንጠባጠበው ነዳጅ ሬንጁን እያሟሟው ነበር። የተበላውን ብቻ አንስተን ነዳጅ የሚሞላበትን ቦታ በኮንክሪት ተካነው፤ የቀረውን ንጣፍ አልነካነውም። ደንበኛው ያተረፈውን ገንዘብ እኔ ከሥራው አጥቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን ከእኛ ጋር ነው።

ይህን ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ስጀምር የነበረኝ አንድ የእጅ መጠቅጠቂያ፣ አንድ ያረጀ ፒክአፕና ሁለት ሠራተኞች ናቸው። አሁን 22 ነን። ትልልቆቹን ማኮብኮቢያዎች የሚያነጥፉት ትልልቆቹ ተቋራጮች ናቸው፤ የእኛ ድርሻ ትከሻው (የማኮብኮቢያው ዳርና ዳር)፣ የአውሮፕላን ማቆሚያው፣ የሃንጋሩ ደጅና የእናንተ አጫጭር ሜዳዎች ናቸው። ትንሽ ሥራ ነው የሚል ካለ፣ የአውሮፕላን ጎማ ትንሽና ትልቅ ቦታ እንደማይለይ ልንገረው።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነሐሴ ላይ አንድ ደንበኛችን አጥብቆ ለመነኝና፣ ሆዴ እምቢ እያለ፣ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ አድርቀን ለጠፍንለት። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ልጥፉ ተነቀለ። ከልጥፉ የወጣው ጠጠር የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ፕሮፔለር ጫፍ ቆረጠ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥገናውን ወጪ ከፈልኩ፤ እንቅልፌን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከድምፅ የምትፈጥነውን የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ኮንኮርድን፣ ለአደጋ የዳረጋት ማኮብኮቢያው ላይ የወደቀች፣ ግማሽ ሜትር እንኳ የማትሞላ ብረት ናት። ጎማውን ቀደደችው፣ የጎማው ቁራጭ የነዳጅ ታንኩን መታው፣ 113 ሰው ሞተ። በእኛ ሜዳ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች ቢሆኑም ነፍስ ያው ነፍስ ነው።

እርጥብ ላይ የተለጠፈ አስፋልት ለምን እንደማይዝ ላስረዳ። ስንጥቅ ስናሽግ መጀመሪያ በማሽን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንከፍተዋለን፤ አቧራውን በኮምፕረሰር እናስወጣለን፤ ከዚያ ጎማ የተቀላቀለበትን ማሸጊያ ወደ 190 ዲግሪ አሙቀን እናፈስበታለን። ስንጥቁ ውስጥ እርጥበት ካለ ወዲያው እንፋሎት ይሆንና ማሸጊያው አረፋ ያወጣል፣ ግድግዳውን አይዝም። ከላይ ሲታይ ያምራል። ከታች ግን ውሃው መንገዱን አላጣም። ከሥር ያለው ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ፣ የብዙዎቻችሁ ሜዳ እንደዚያ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ንጣፉንም አብሮ ይሰብረዋል። የደጋችን ፀሐይ በበኩሏ ሬንጁን አድርቃ ታሰባብረዋለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ለአስፋልት አትራራም።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ የምንሠራው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፣ ደረቁን ወራት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ኅዳር ላይ የታሸገ ስንጥቅ በሐምሌ ጉድጓድ አይሆንም። በክረምት ድንገት አደገኛ ጉድጓድ ከወጣባችሁ ስልካችን ክፍት ነው፤ መጥተን እናጥረዋለን፣ ጠጠሩን እንጠርጋለን፣ ከሜዳው የትኛው ክፍል ለአውሮፕላን ሊያገለግል እንደሚችል እንነግራችኋለን። ልጥፍ ግን አንለጥፍም።

አሁን «አሮጌ አስፋልት» ወደተባለው። ተፍቆ የሚነሣው አስፋልት ቆሻሻ አይደለም። ከ100 ኪሎ አስፋልት ውስጥ ሬንጁ 5 ወይም 6 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የቀረው የተመረጠ ጠጠርና አሸዋ ነው። ድሮ ይህን ጭነን ከከተማ ውጭ እንደፋው ነበር፤ ሌላ ተራራ ፈልጠን፣ ሌላ ጠጠር ፈጭተን፣ በናፍጣ አጓጉዘን እንመልስ ነበር። አሁን እዚያው ሜዳችሁ ላይ እንነፋዋለን፣ በኢሙልሽን (ከውሃ ጋር በተዋሐደ ሬንጅ) ሳናሞቀው በቅዝቃዜው እናቀላቅለዋለን፣ ወደ ታችኛው ንብርብር እንመልሰዋለን። ተራ ሙቅ አስፋልት 150 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት፤ ይህ ግን ያን ሁሉ ነዳጅ አይፈልግም። ከላይ ግን፣ ጎማው በሚነካው ንጣፍ ላይ፣ አዲስ አስፋልት ነው የምናለብሰው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያም አሮጌ አስፋልት ከትከሻው በቀር በላይኛው ንጣፍ እንዳይገባ ይላል። ይህን መስመር አልፈን አናውቅም፤ አናልፍምም።

«ታዲያ ለምን አልረከሰም?» ላላችሁኝ። መፋቂያው ማሽን ኪራይ ነው። መንፊያው፣ የላቦራቶሪ ምርመራው፣ ኢሙልሽኑ ሁሉ ገንዘብ ነው። ሬንጅ ከውጭ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው፣ በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በአሮጌው አሠራር ብንቀጥል ኖሮ ያቀረብንላችሁ ዋጋ ከዚህም በላይ ይሆን ነበር። ከሠራተኞቼ አንድም አልቀነስኩም፤ የራሴን ደመወዝ ግን ለስምንት ወር አልወሰድኩም። ይህን ለመመስገን አይደለም የምጽፈው፤ አተረፈብን ያላችሁኝ እንድታውቁት ነው።

አንዳንዶቻችሁ ወደ ሌላ ሄዳችኋል። ቅር ብሎኛል፣ ግን አልተቀየምኩም። በ2012 የኮሮና ጊዜ በረራ ሲቆም፣ ሥራ ሳይኖራችሁ የቀድሞ ዕዳችሁን የከፈላችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ያን አልረሳም። ስለዚህ አንድ ክረምት ያስከፋኋችሁን ሰዎች፣ አንድ በጋ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ከጥቅምት 10 ጀምሮ ፎርማናችን እየዞረ ሜዳችሁን በነጻ ያያል፤ ስንጥቁን በቀለም ያመለክታል፣ አሁን መታሸግ ያለበትንና እስከሚቀጥለው ዓመት የሚቆየውን ለይቶ ይጽፍላችኋል። ሥራውን ለእኛ ባትሰጡም ጽሑፉ የእናንተ ነው። ለነባር ደንበኞች ክፍያው በሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ሥራው ሲጀመር፣ ግማሹ በጥር መጨረሻ። የታችኛው ንብርብር ሲነጠፍ መጥታችሁ እንድታዩ ከሁለት ቀን በፊት እንደውላለን። ቅሬታ ያለው ከጸሐፊዋ ጋር አይከራከር፣ እኔን ይጥራኝ፤ ስልኬ ያው የድሮው ነው።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ