አባባ፣ ጉንፋኑን አይናቁት

አዲስ አበባ፣ ህዳር 3

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ሁለት ጥርሷ ወልቆ «ጅማ ስሄድ ይበቅላል» እያለች ነው።

ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ወድጄ አይደለም። በስልክ የጤናዎን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እናትህን ላቅርብልህ» ብለው ያመልጡኛል። ወረቀት ላይ ማምለጫ የለም። መነጽርዎን ያድርጉና በረንዳው ላይ ሆነው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

የሐምሌውን ነገር ነው የማነሳው። እማዬ «አባትህን ጉንፋን ይዞታል» ስትለኝ እኔም ብዙ አልደነገጥኩም። በሐምሌ ጅማ ላይ ማንን የማይዝ ጉንፋን አለ? ዝናቡ አያባራም፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ጠያቂው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ ቡና ይጠጣል። ዳማከሴ ተጨምቆ ጠጡ። አንድ ክሊኒክ ሄደው መርፌ ተወጉ። አራት ቀን ተኝተው በአምስተኛው «ለቀቀኝ» ብለው ተነሱ።

እኔ የመጣሁት በአሥረኛው ቀን ነው። ማታ ካልሲዎን ሲያወልቁ አየሁ። ላስቲኩ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ቀለበት ሠርቶ ነበር። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ሳነሳው፣ ሊጥ የተነካ ይመስል ጎድጉዶ ቀረ። «እርጅና ነው» አሉኝ። ሌሊቱን በሦስት ትራስ ተደግፈው አደሩ፤ ተቀምጠው አደሩ ማለት ይቀላል። በማግሥቱ ከፈረንጅ አራዳ ስንመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ ቆሙ። አንዴ የጫማ ማሰሪያ የሚያስሩ መስለው ጎንበስ አሉ። አባባ፣ ያ ጫማ ማሰሪያ የለውም።

ሐኪሟ ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምት ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ አይታ ያለችውን ያስታውሳሉ። ልብዎ ደክሟል፤ እግርዎ ያበጠውም፣ ጋደም ሲሉ ያፈነዎም ለዚሁ ነው። የደም ብዛቱ ለዓመታት ሲያዳክመው ኖሯል፣ ጉንፋኑ ደግሞ ገፋው። እርስዎ «ጉንፋንና ልብ ምን አገናኛቸው?» ብለው ሳቁባት። እኔም በሆዴ ያንኑ እየጠየቅኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሳነብና ስጠይቅ ከረምኩ።

መጀመሪያ ነገር፣ አፍንጫ የሚያስነጥሰውንም አልጋ ላይ የሚጥለውን ኢንፍሉዌንዛም አንድ ላይ «ጉንፋን» እንላቸዋለን። የምንንቀው ለዚህ ይመስለኛል። የእርስዎ የሐምሌው የሚጥለው ነበር።

ያኔ ቡና ጭነው በኤንትሬ የጭነት መኪና የጊቤን አቀበት ሲወጡ ያስቡት። ባዶ መኪና አቀበቱን ይወጣዋል። ጭነት ካለው ግን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ራዲያተሩ እየፈላ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ እየሮጠ ነው። ትኩሳት ለልብ ያ አቀበት ነው። ሙቀት 1 ዲግሪ ሲጨምር ልብ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ጨምሮ ይመታል። ሳንባው ደግሞ ታምሟል፣ የሚያስገባው አየር ያንሳል። ሞተሩ እየታፈነ ጭነቱ ይጨምራል ማለት ነው። አዲስ ሞተር ይወጣዋል። 71 ዓመት የሠራ ሞተር ግን...

ይህ ቀላሉ ነው። ሰውነት ቫይረሱን ሊዋጋ ሲነሳ ውጊያው ሳንባ ውስጥ ብቻ አይቀርም፣ በደም በኩል ሁሉንም ያዳርሳል። በልብ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ በዕድሜ የተጋገረ ስብ አለ፤ ዓመታት ዝም ብሎ የተቀመጠ። ደም ሥሩ ሲቆጣ ያ ስብ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያ ሰሞን ደሙም ለመርጋት ይቸኩላል። ስንጥቁ ላይ ደም ከረጋ መንገዱ ይዘጋል፤ ሃርት አታክ የሚሉት እሱ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ሃርት አታክ የሚያጋጥምበት ዕድል ከሌላው ጊዜ 6 እጥፍ እንደሚሆን አግኝቷል። እርስዎ «ለቀቀኝ» ብለው ተነስተው እንጨት የፈለጡት በዚያው ሳምንት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቫይረሱ ራሱ የልብ ጡንቻ ድረስ ይዘልቃል። ኮሮናንማ እናውቀዋለን። አጠገብዎ ቡናው እያረረ ሽታው ያልመጣልዎትን ቀን እማዬ እስከዛሬ እያሳቀች ታወራዋለች። እሱ በሽታ ሳንባና እግር ውስጥ ደም ያረጋ ነበር፣ ኩላሊትም ይጎዳ ነበር። የሳንባ በሽታ ስለተባለ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም።

አሁን ስለዚያች መርፌ። ካርዱ ላይ አይቻታለሁ፣ ዳይክሎፌናክ ናት። ቁርጥማት ታስታግሳለች፣ አልክድም። ግን ደም ብዛት ላለበትና ልቡ ለደከመ ሰው ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ታስቀራለች፣ ግፊቱን ታስነሳለች፣ ኩላሊትንም ትጫናለች። እርስዎ በዚያ ሳምንት በቅጡ አልበሉም፣ አልጠጡም። የወጋዎት ሰው የደም ብዛት መድኃኒት እንደሚወስዱ እንኳ አልጠየቀም። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። የተሰጠዎት አሞክሳሲሊንም ቫይረስ አይነካም፤ ሌላ ኢንፌክሽን ሳንባ ላይ ሲደርብ ነው የሚፈለገው።

እርስዎም ጥፋት አለብዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና። «መድኃኒት ከመድኃኒት አይደባለቅም» ብለው የግፊቱን ኪኒን አምስት ቀን አቆሙ። ሁለተኛ እንዳያደርጉት። ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለ ብቻ ሐኪሟን ይጠይቋት። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል። አፍንጫ የሚከፍቱ ኪኒኖችም ግፊት የሚጨምሩ አሉባቸው፣ ፋርማሲ ሲገቡ መጀመሪያ «ደም ብዛት አለብኝ፣ ልቤም ታሟል» ይበሉ። ዳማከሴውን ይጠጡ፣ ማን ከለከለዎ።

ደረት ላይ ሸክም እንደተጫነ ከተሰማዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ጋደም ሲሉ ካፈነዎ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ተጠርቶ ሆስፒታል ነው። «ይንጋ» የሚባል ነገር የለም። እማዬም ስኳር አለባት፤ ትኩሳት ሲይዛት ስኳሯ ስለሚወጣ ቶሎ ቶሎ ትለካ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ህዳር 12 ነው። ቆሻሻውን ልጆቹ ያቃጥሉት፣ እርስዎ ጭሱ መሀል አይቁሙ። አያቴ «የህዳር በሽታ» ሲሉ ትዝ ይልዎታል? በ1911 ዓ.ም. አገር የፈጀው እሱ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። ያው የምንንቀው ጉንፋን ዘመድ ነው።

በየዓመቱ የሚሰጥ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አለ፤ የልብ ሕመምተኞችን እንደሚጠቅም በጥናት ታይቷል። እዚህ እየጠየቅኩ ነው። ካገኘሁ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፣ ትኬቱ በእኔ።

ከደብዳቤው ጋር ስድስት ጥንድ ካልሲ ልኬያለሁ። ላስቲካቸው የላላ ነው። ማታ ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚትዎን ይጫኑት። ከጎደጎደ ለእማዬ ይንገሯት፤ እኔም እሑድ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው፣ ስልኩን ለእሷ ከመስጠትዎ በፊት።

ልጅዎ