የእንሰቷ እንቁራሪት ረግረጓንም ትፈልጋለች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ከፋ ደን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቡናው፣ ማሩ፣ አንበሳው፣ ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ መስፈሩም ሳይቀር ተነሥቷል፤ ደግ አደረጋችሁ። እኔ ግን በቦንጋ አካባቢ ባዮሎጂ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ የእንሰቷን እንቁራሪት ዘልላችሁ ስታልፉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በሳይንሳዊ ስሟ አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ ትባላለች። ከአገራችን በስተቀር በዓለም የትም አትገኝም። ማልኮም ላርገን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቋት፤ እንሰት የሚፍቁ እናቶች ከእሳቸው በፊት በየጓሮው ሲያዩዋት እንደኖሩ ግን መዝገቡ አይናገርም። በበጋ ጠዋት የእንሰቱን አሮጌ ቅጠል ከግንዱ ፈልቀቅ ብታደርጉ፣ ከሥሩ በተጠራቀመችው ጥቂት ውኃ ዳር እግሯን ሰብስባ ተለጥፋ ታገኟታላችሁ። ከአውራ ጣት አትበልጥም። የጣቶቿ ጫፍ ክብ ነው፤ ለስላሳውን ቅጠል የምትይዘው በእሱ ነው። የዓይኗ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ውኃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ስለሆነ ያቺ እርጥብ ስንጥቅ ለእሷ መጠለያም ምንጭም ናት።

አንድ የወረዳ ባለሙያ ይህን ነግሬው፣ «እንሰቱ ሞልቷል፤ ታዲያ ምን ትሆናለች ብለው ነው?» አለኝ። ነገሩን ግማሽ በግማሽ መስማት ማለት ይኸው ነው። እንሰቱ ላይ ትጠለላለች እንጂ ልጆቿን አታሳድግም። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ከኩሬና ከረግረግ ዳር በበቀለ ተክል ላይ ነው፤ ብዙዎቹማ ቅጠሉን አጥፈው ጠርዙን በራሳቸው ሙጫ ያጣብቁታል። ከእንቁላሉ የሚወጡት ባለ ጭራ ልጆች ውኃው ውስጥ ይገባሉ፤ እግር አውጥተው ወደ የብስ እስኪወጡ ድረስም ኑሯቸው እዚያው ነው።

አስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት ግርጌ አንድ ረግረግ ነበር። ክረምት ሲገባ ተማሪዎቼን በምሽት፣ ባትሪ አስይዤ እወስዳቸው ነበር። ወንዱ እንቁራሪት ሣር ላይ ወጥቶ ሲጮህ ጉሮሮው ይነፋል፤ ብርሃኑን ስናበራበት እንኳ ጩኸቱን የማያቋርጥ ደፋር አይጠፋም። ዛሬ ረግረጉ በቦይ ተጠንፍፎ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ከበላዩ ያለው የእንሰት ጓሮ እንዳለ ነው፤ የክረምቱ ጩኸት ግን የለም።

ገበሬውን አልወቅስም፤ ባሕር ዛፉ ገንዘብ ነው። የምወቅሰው ደኑን በካርታ ላይ ከልሎ፣ ከተከለለው ውጭ የቀረውን ረግረግ «ባዶ መሬት» እያለ የሚያከፋፍለውን ነው። የእንሰት ጓሮውና ከሥሩ ያለው ውኃ በአንድ ዕቅድ ይያዙ፤ የምለው ይኸው ነው።

ዘጋቢያችሁ ዳግመኛ ወደ ከፋ ሲመጣ በሐምሌ ይሁን። ቀን ቀን ቡናውን ይጎብኝ፤ ማታ ማታ ግን ቦቲ ጫማ ያድርግና ይምጣ፣ የቀረውን ረግረግ እኔ አሳየዋለሁ።

ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር፣
ከቦንጋ