የሸጥንላችሁን ዚንክ ለምን እንደምንቀይር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አሞራ ገደል አጠገብ አንድ ጀልባ ከውኃ አውጥተን ሞተሩን ስናይ ደነገጥን። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው የአሉሚኒየም አካል ቀለሙ አረፋ አረፋ ሠርቷል። አረፋውን በጥፍር ነካ ስናደርገው ነጭ ዱቄት ረገፈ። ከሥሩ የመርፌ ጫፍ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ታዩ። አካሉን እንዲጠብቅ እዚያው የታሰረው የዚንክ ቁራጭ፣ አኖድ የምንለው፣ ግን ልክ እንደገጠምነው ነው። ጠርዙ እንኳ አልተነካም።

ያንን አኖድ የሸጥነው እኛ ነን። ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁም ለዚህ ነው።

አኖድ ለምን እንደሚታሰር ለማታውቁ፣ የራዲዮ ድንጋይን አስቡ። ሲያረጅ ቆርቆሮው ተበስቶ ያዣል አይደል? በተራው ድንጋይ ያ ቆርቆሮ ዚንክ ነው። ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር ራሱ ይበላል። ጀልባችሁም ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ድንጋይ ይሆናል። የማይዝገው የፕሮፔለር ዘንግና የአሉሚኒየሙ አካል ተነካክተው ውኃ ውስጥ ሲቀመጡ ደካማው ይበላል፤ ደካማው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። አኖድ የሚታሰረው ከእሱም የባሰ ደካማ ሆኖ እንዲበላለት ነው። ዘዴው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የመርከቦችን የመዳብ ልባስ በዚንክና በብረት ማዳን እንደሚቻል አሳይቷል።

ስለዚህ የማይበላ አኖድ ሥራ የፈታ አኖድ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ጥሩ ዕቃ ነው፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ምንም አልሆነ» ስትሉን ደስ ይለን ነበር። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብን።

ዚንክ የባሕር ዕቃ ነው። ጨው ባለበት ውኃ በደንብ ይሠራል። የሐዋሳ ሐይቅ ጨው ግን ከባሕር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እንዲህ ባለ ውኃ ዚንኩ ላዩ ላይ ግራጫ ቅርፊት ያበጅና ይደነዝዛል። ለዚህ ውኃ የሚሆነው ማግኒዚየም ነው። ባሕር ውኃ ውስጥ በመለኪያ ሲታይ ዚንክ 1.05 ቮልት ግድም፣ ማግኒዚየም ደግሞ 1.5 ቮልት ግድም ኔጌቲቭ ያሳያል። ኔጌቲቩ የበዛው ይበልጥ ለመበላት ዝግጁ ነው፤ ይህ ልዩነት ነው ጨው ባነሰበት ውኃ ውስጥ የሚያሠራው። ቶሎ ማለቁ እውነት ነው፣ ዋጋውም ይወደዳል። ግን ከሞተር አካል ጋር አይወዳደርም።

ላንጋኖ ለምትሠሩ ምክራችን ሌላ ነው። ውኃው ከሐዋሳ ይልቅ ጨው ይበዛበታል። ለእናንተ ከሞተሩ አካል የባሰ ደካማ እንዲሆን የተቀመመ የአሉሚኒየም አኖድ እንሰጣችኋለን። አንዱን ማግኒዚየም፣ ሌላውን ዚንክ አድርጋችሁ በአንድ ጀልባ ላይ አትቀላቅሉ፤ ማግኒዚየሙ ዚንኩንም ሲጠብቅ ያልቃል።

የእንጨት ጀልባ ያላችሁ ደግሞ አኖድ ማብዛት ጥሩ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ። ከመጠን ሲያልፍ በብረቶቹ ዙሪያ ያለውን እንጨት የሚያለሰልስ አልካሊ ይፈጠራል። የሞተሩ አኖድ ይበቃችኋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላችኋለን። አኖድ አትቀቡ! ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲቃረብ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ጀልባው ሁሉ ቀለም ሲቀባ አኖዱም አብሮ ይቀባል። ቀለም የለበሰ አኖድ ውኃውን አይነካም፣ እንደሌለ ቁጠሩት። ስትገጥሙም ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቁት። በአኖዱና በብረቱ መካከል ቀለምም ሆነ ዝገት ከቀረ ብሎኑ ቢጠብቅም ዋጋ የለውም። ቴስተር ያላችሁ በሁለቱ መካከል ለኩ፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ ኦም ማሳየት አለበት። ከዚያ በየሦስት ወሩ እያያችሁ፣ ግማሹ ሲበላ ቀይሩት።

ከእኛ ዚንክ ገዝታችሁ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የምትሠሩ ሁሉ፣ ማግኒዚየም ያለ ጭማሪ እንቀይርላችኋለን። የመግጠሚያም አናስከፍልም። ቅዳሜ ጠዋት ብትመጡ ይሻላል፤ ሞተሩን ማንሳት ከከበዳችሁ ግን ደውሉልን፣ ሐይቁ ዳር ድረስ እንመጣለን። አሮጌውን ዚንክ አትጣሉት። ይዛችሁ ኑ፣ የብሎን ቀዳዳውን የምንለካው በእሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ጀልባ ጥገና ክፍል፣ ሐዋሳ