ሲመሽ በራሱ ስለሚበራ መብራት ለልጄ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? ማይንክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ለምትሠሪው መንደር ሲመሽ በራሱ የሚበራ የመንገድ መብራት ፈልገሻልና የሚያስፈልግሽን ሁሉ ልጻፍልሽ። ቁጥሮቹ ጃቫ የሚባለው የጨዋታው እትም ናቸው።

ዋናው ዕቃ ዴይላይት ዲቴክተር የሚባለው የቀን ብርሃን የሚለካ ብሎክ ነው። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ከላይ 3 መስታወት፣ መሃል 3 የኔዘር ኳርትዝ፣ ከታች 3 የእንጨት ስላብ (ግማሽ ብሎክ) ትደረድሪያለሽ። መብራቱ ራሱ ለሆነው ለሬድስቶን ላምፑ ደግሞ መሃል 1 ግሎውስቶን (የሚያበራ ብሎክ)፣ በአራቱ ጎኖቹ 4 የሬድስቶን ዱቄት (እንደ ሽቦ ምልክት የሚያስተላልፍ) ይበቃል። ለ10 ምሰሶ 30 ኳርትዝና 10 ግሎውስቶን ያስፈልጋል። ሁለቱም ኔዘር በሚባለው የጨዋታው ሌላ ዓለም ውስጥ ስለሚገኙ በአንድ ጉዞ ጨርሺያቸው። ግሎውስቶን ሲሰበር ከ2 እስከ 4 ዱቄት ብቻ ነው የሚጥለው፤ አንዱን ብሎክ መልሶ ለመሥራት ግን 4 ይፈልጋል። ስለዚህ ከ10 በላይ ስበሪ።

ሦስት አጥር ደራርቢ፣ ላዩ ላይ ላምፑን፣ ከላምፑ በላይ ዲቴክተሩን አስቀምጪ። ሽቦ አያስፈልግም። እንዲሁ ከተውሽው ግን ቀን በርቶ ሌሊት ይጠፋል። ዲቴክተሩን ቀኝ ክሊክ ስታደርጊው ፊቱ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሥራው ይገለበጣል። የላምፑ ብርሃን ዲቴክተሩን ያደናግረው ይሆን ብለሽ አትጨነቂ፤ የሚያነበው የሰማይን ብርሃን ብቻ ነው።

ዲቴክተሩን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ አትዪው፤ ከ0 እስከ 15 የሚቆጥር መለኪያ ነው። ሲገለበጥ የሚያወጣው ቁጥር የሚደርሰው የሰማይ ብርሃን ከ15 ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀትር 0፣ እኩለ ሌሊት 11 ይሆናል። ላምፕ ለመብራት 1 ይበቃዋል፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከጣሪያ ጠርዝ አንድ ብሎክ ወደ ውስጥ ብታስገቢው የሚደርሰው ብርሃን 14 ነውና ቀኑን ሙሉ 1 ያወጣል፣ ላምፑም አይጠፋም። ዛፍ ሥርም ያው ነው፤ ቅጠል ብርሃን ይቀንሳል። መስታወት ግን አይከለክልም፣ ከላዩ ብታደርጊው ችግር የለውም።

ዝናብም አለ። በቀትር ሲዘንብ ቁጥሩ 3፣ ነጎድጓድ ሲኖር 5 ይደርሳል፤ ስለዚህ ምሰሶዎቹ በቀትርም ይበራሉ። እኔ ብሆን ለምሰሶ እንደዚያው እተወዋለሁ፣ በነጎድጓድ ጊዜ መብራት አይጠላም። የግድ ካስጠላሽ በአንድ ዲቴክተር ብዙ ላምፕ የሚያበራ መስመር ዘርጊ። ከዲቴክተሩ ቀጥሎ 7 ዱቄት በተርታ አስቀምጪና ከ7ኛው በኋላ ሪፒተር (ምልክቱን የሚያድስ ዕቃ) አድርጊ። ምልክቱ በየብሎኩ በ1 ስለሚቀንስ፣ ሪፒተሩ ጋ የሚደርሰው ዲቴክተሩ 7ና ከዚያ በላይ ሲያወጣ ብቻ ነው፤ 3ም 5ም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከ11 ዱቄት በላይ ካደረግሽው ግን ሌሊትም አይደርስም፤ ብዙ ሰው 15 ይሄዳል ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሪፒተሩ ምልክቱን ወደ 15 ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በየ15 ዱቄቱ ሌላ ጨምሪ። የአንዱ ሪፒተር ወጪ 3 ድንጋይ፣ 2 የሬድስቶን ቶርችና 1 ዱቄት ነው።

መስመሩን መቅበር ከፈለግሽ ዲቴክተሩን ከመሬት አንድ ብሎክ ዝቅ አድርጊው፤ ከላዩ ክፍት እስከሆነ ድረስ የሚያነበው አይቀየርም። ዱቄቱን ከጎኑ በዚያው ከፍታ አውጪና በብሎክ ክደኚው። ውሃ እንዳይደርስበት፣ ጠርጎ ይወስደዋል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዱቄት በጎኑ ያለውን ላምፕ አያበራም፤ ወደ ላምፑ የሚያመለክት አንድ ዱቄት ከመስመሩ ላይ ቅርንጫፍ አድርጊ።

ምሰሶዎቹን በ12 ብሎክ አራርቂ። ከጨዋታው 1.18 እትም ወዲህ ጭራቅ የሚፈጠረው የብሎክ ብርሃን 0 ሲሆን ብቻ ነው፤ በሁለት ምሰሶ መካከል መሬቱ ላይ 6 ይቀርልሻልና ግራና ቀኙም ትንሽ ይሸፈናል። ኤፍ 3 ቁልፍን ተጭነሽ የብርሃኑን ቁጥር ማየት ትችያለሽ። ኔዘርና ኤንድ በሚባለው ሌላ ዓለም ውስጥ ግን ዲቴክተር አትድከሚበት፣ አይሠራም፤ እዚያ ግሎውስቶኑን እንዳለ ትከዪው።

እናትሽ